ሳልቆጥር የጻፍኩት 20

ነርስ ከሆናችሁ ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ፤ የትንፋሽ ቁጥር፣ በደቂቃ 20። የዋርድ፣ ማለትም የሕሙማን መኝታ ክፍል፣ ቻርት ገልጣችሁ ብታዩ የደም ግፊቱ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የልብ ምቱ ይለያያል፣ ሙቀቱም እንዲሁ። የትንፋሹ አምድ ላይ ስትደርሱ ግን ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 18፣ 20፣ 20 ይላል። ዋርዱ በሙሉ ተማክሮ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ግፊቱንም ምቱንም ኦክስጅኑንም ማሽኑ ይነግረናል። ትንፋሽ ግን አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ደረት ሲነሳና ሲወድቅ እያዩ፣ ሰዓት ይዞ መቁጠር ይፈልጋል። አንድ ደቂቃ ነው። ለ13 ታካሚ 13 ደቂቃ። እነዚያ 13 ደቂቃዎች ከየት ይምጡ?

እኔም 20 እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ይህን የማወራው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ሰው ባነሰበት ዋርድ የምትሠሩ፣ በተለይ በቅርብ የተመረቃችሁ፣ እኔ ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቀደም ብሎ ቢገባችሁ ብዬ ነው።

ለሦስት ነርስ የወጣ ናይት፣ የሌሊት ተራ፣ ነበር። አንዷ ታማ ቀረች፤ ተተኪ ተፈልጎ አልተገኘም። 26 ታካሚ ለሁለት ተካፈልን፤ 13 ለባልደረባዬ፣ 13 ለእኔ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ከድንገተኛ ክፍል አንዲት ሴትዮ ተጨመሩልኝ፤ 14 ሆኑ።

14 ታካሚ ለውጭ ሰው 14 አልጋ ነው። እኔ ዘንድ ግን ዘጠኙ የደም ሥር አንቲባዮቲክ የከምሽቱ 4 ሰዓት ዶዝ አላቸው። መድኃኒቱን መበጥበጥ፣ ስም ማመሳከር፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ) መሥራቱን ማየት፣ ቀስ ብሎ መግፋት፣ መፈረም፤ ማንም ካልጠራኝ ለአንዱ አሥር ደቂቃ። ስለዚህ 4 ሰዓት የሚሆነው ለመጀመሪያው ታካሚ ብቻ ነው። ዘጠነኛውን ስጨርስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቻርቱ ላይ ግን ዘጠኙም 4 ሰዓት ላይ ወስደዋል። ይህንንም ታውቁታላችሁ።

አልጋ 11 ላይ ሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ አባባ ነበሩ። 4 ሰዓት ላይ ለካኋቸው፤ ምት 104፣ ኦክስጅን 93፣ ትኩሳት ትንሽ አላቸው። ትንፋሽ 20። ይህን ስጽፍ ፊቴን ወደ አልጋ 12 አዙሬ ነበር፤ እስክሪብቶው ራሱ ያውቀዋል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የሚያስታምሟቸው ልጃቸው መጣች። «ሲስተር፣ ይቅርታ፤ የአባቴ አተነፋፈስ ደስ አላለኝም» አለችኝ። እኔ ለአዲሷ ሴትዮ መርፌ የሚገባበት የደም ሥር እየፈለግኩ ነው፤ ሁለቴ ስቼ ሦስተኛውን ልሞክር። «መጣሁ» አልኳት። ቋንቋችን እዚህ ላይ ይተባበረናል፤ ከቦታ ሳይነቃነቁ «መጣሁ»፣ ሳይጀምሩ «ጨረስኩ»። በአንድ ናይት ስንት ጊዜ መጣሁ እንደምል ቢቆጠር ከትንፋሽ ሳይበልጥ አይቀርም።

ስደርስ 25 ደቂቃ ሆኗል። አባባ ቁጭ ብለዋል፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይነሳል። «እንዴት ነዎት አባባ?» ስላቸው «ደህ…» ብለው ቆሙ፤ አየር ሳቡና «…ና ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ደህና ነኝ ለማለት ሁለት ትንፋሽ። ያኔ ሰዓቴን አውጥቼ ቆጠርኩ። 36። ኦክስጅን 84።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። ተረኛው ሐኪም ሌላ ዋርድ ነበር፤ እሱም ብቻውን ነው። ኦክስጅን ጨመርን፣ መጣ፣ ሳይነጋ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ተርፈዋል። በዘጠነኛው ቀን ወደ ዋርድ ተመለሱና ሲያዩኝ መረቁኝ። ከዚያ ምርቃት በላይ ያመመኝ ነገር የለም።

ከሳምንት በኋላ ጉዳዩ በስብሰባ ታየ። ቻርቱ ተገለጠ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትንፋሽ 20፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል 36። መደምደሚያው «በድንገት የተባባሰ» ሆነ። ማንም አልወቀሰኝም፤ እንዲያውም በፍጥነት ሐኪም ጠራች ተባለልኝ። ልጃቸው ግን ያን ሌሊት አልጋውን እየገፋን ሳለ «ከማታ ጀምሮ እኮ እንዲህ ነበሩ» ብላኝ ነበር። ስብሰባው ላይ እሷ የለችም። ቃሏን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዝም አልኩ።

ቤቴ ሄጄ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት ይህን ነው። ሁለት ሆነን ማደራችን ቻርቱ ላይ የትም የለም። ሁሉም መድኃኒት በሰዓቱ ተሰጥቷል፣ ሁሉም ቫይታል ሳይን፣ ግፊቱም ምቱም ትንፋሹም፣ ተወስዷል። ያንን ወረቀት የሚያይ አስተዳዳሪ ዋርዱ በሁለት ነርስ በደንብ ይሠራል ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል? የሰው እጥረቱን በገዛ እስክሪብቶዬ የደበቅኩለት እኔ ነኝ።

ስለ 20 በኋላ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። በእንግሊዝ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2017 የተሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ ለትንፋሽ ነጥብ ይሰጣል። ከ12 እስከ 20 ዜሮ ነው፤ ከ21 እስከ 24 ሁለት ነጥብ፤ 25ና ከዚያ በላይ ሦስት። በአንድ መለኪያ ብቻ ሦስት ማግኘት ራሱ ታካሚውን ቶሎ ሐኪም ይየው ያሰኛል። እኛ ሳንቆጥር የምንወረውራት 20 እንግዲህ ማንንም የማትቀሰቅሰው የመጨረሻዋ ቁጥር ናት። ሰው ሲዳከም ደግሞ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ከመውረዱ በፊት የሚለወጠው ትንፋሹ ነው።

የሰው ቁጥርና የታካሚ ሞት መያያዙ የእኛ የሐሜት ወሬ አይደለም። ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ የቀዶ ሕክምና ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የታየውም ያው 7 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች፤ አሁን በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ዋርድ ለአንድ ነርስ ከ5 ታካሚ በላይ አይሰጥም፣ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከ2። «የትም አገር እንዲህ ነው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ፤ ሁሉም ጋ እንዲህ አይደለም። እጥረቱ ግን የዓለም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ነበሩ፤ የሚጎድለው 5.8 ሚሊዮን ነው። ከነርሶቹ 78 በመቶ የሚሆኑት ያሉት ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የማይሞላው፣ 49 በመቶው፣ በሚኖርባቸው አገሮች ነው። አንዳንዱ ዋርድ ለምን 5 ለ1፣ ሌላው ለምን 14 ለ1 እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የለወጥኩት አንድ ነገር ነው፤ ያልቆጠርኩትን አልጽፍም። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኃላፊያችን ቻርት ይዘው ጠሩኝ።

«ይሄ ባዶ ምንድን ነው?»

«አልቆጠርኩም፣ ሲስተር።»

«ለምን?»

«አልደረስኩም። 13 ታካሚ ነበረኝ።»

ዝም ብለው አዩኝና «20 በይውና እለፊ እንጂ፤ ኦዲት ሲመጣ እኮ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም ዋርድ ላይ ሳሉ 20 ሲጽፉ ያደጉ ናቸው። አባባን አነሳሁላቸው። ስብሰባው ላይ የዋጥኩትን፣ ያ 20 ያልተቆጠረ መሆኑንና ልጃቸው ያለችኝን ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ግን ባዶውን ሙይው ብለው ዳግም አልጠየቁኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ እኔ ተሳስቼበታለሁ። በመጀመሪያ ንዴቴ የታካሚው ቻርት ላይ «በሰው እጥረት ምክንያት» እያልኩ መጻፍ ጀምሬ ነበር። አታድርጉት። ቻርቱ የታካሚው ነው፤ እዚያ የሚጻፈው «ትንፋሽ አልተለካም፤ በ6 ሰዓት ይለካል» ብቻ ነው፤ መድኃኒትም ከዘገየ የተሰጠበት እውነተኛው ሰዓት። የሰው ቁጥር፣ የታካሚ ቁጥር፣ ለማን በስንት ሰዓት እንደተነገረ የሚገባው የዋርዱ መዝገብና የአደጋ ሪፖርት ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ ሰው ሲጎዳ ብቻ የሚሞላ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ለጥቂት የተረፈም ይሞላበታል። ያለ ምሬት፣ ያለ ቅጽል፣ ቁጥርና ሰዓት ብቻ። አንድ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሠላሳ ቅጽ ሲሆን ግን መሳቢያው አይዘጋም።

ሁለተኛው የተማርኩት መቼ እንደሚነገር ነው። ድሮ የምናገረው ጠዋት ርክክብ ላይ ነበር፤ «ናይቱ ገደለን» እላለሁ፣ ሁሉም አይዞሽ ይለኛል፣ አለቀ። አሁን ገና ስረከብ እደውላለሁ። «ሰው አንሶናል» አልልም፤ ይህን ሱፐርቫይዘሩ በየቀኑ ከየዋርዱ ስለሚሰማው ጆሮው ላይ አያርፍም። የምለው እንዲህ ነው፦ «26 ታካሚ፣ ሁለት ነርስ። አራቱ ኦክስጅን ላይ ናቸው፣ ሁለት ደም የሚወስዱ አሉ፣ አንድ ሰው በየሰዓቱ ይታያል። ይህን ሁሉ በሰዓቱ አናደርስም። የትኛው ይቅር?»

«የትኛው ይቅር» የሚለውን ጥያቄ ማንም አይወደውም። የመጀመሪያው ቀን «አንቺ ነሽ ነርሷ፣ እኔ ልወስንልሽ?» ተብዬ ስልኩ ተዘጋብኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከሌላ ዋርድ አንድ ልጅ ለሁለት ሰዓት መጣልን፣ የ4 ሰዓቱን መድኃኒት አግዞን ሄደ። አንድ ጊዜ አዲስ ታካሚ ወደ ሌላ ዋርድ ተመለሰልን። ከአሥር ጊዜ ምናልባት ሦስቴ ይሳካል። በቀሩት ሰባትም ቢሆን የነገርኩት ሰውና የነገርኩበት ሰዓት መዝገብ ላይ አለ።

ሥራውን የምጀምርበትንም መንገድ ቀየርኩ። ድሮ ተረክቤ በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ ትሪ ነበር። አሁን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ባዶ እጄን እዞራለሁ። ትሪ የለም፣ ቻርት የለም፤ አልጋ በአልጋ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። ማን ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል፣ ማን ትናንት ያወራ የነበረ ዛሬ ዝም ብሏል፣ የማን የሽንት ከረጢት ባዶ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ጊዜ አለሽ?» ብላ ስቃብኛለች። የለኝም፤ ለዚህ ነው የምዞረው። ለሁሉም መድረስ ካልቻልኩ ማን ጋ ቀድሜ እንደምደርስ ማወቅ አለብኝ። ያሳሰቡኝን ሦስት አራት ሰዎች ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። አተነፋፈሱ እኩል እኩል የሆነውን ሰው 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ይቻላል። ትንፋሽህን ልቆጥር ነው ብላችሁ አትንገሩት፤ ሰው ትንፋሹ እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የእጁን አንጓ ይዛችሁ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉና ደረቱን እዩ።

አስታማሚዎችንም የማናግርበት መንገድ ተቀይሯል። «መጣሁ» ማለት ትቻለሁ፤ ባይሆን እየሞከርኩ ነው። «15 ደቂቃ ያስፈልገኛል። እስከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃታቸው፣ ወይ መቀባዠር ከጀመሩ፣ ከማንም ጋር ብሆን መጥተሽ ጎትቺኝ» እላለሁ። ስታስታምም የምታድር ልጅ ከማሽኑ በፊት ታውቃለች። አባባን ያዳነቻቸው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ስለ ራሳችን አካልም ጥቂት ልበል። ሦስተኛ ተከታታይ ናይቴ ላይ ያገለገለ መርፌ ክዳን ልመልስበት ስል ጣቴን ወጋኝ። ክዳን እንደማይመለስ ሁላችንም ተምረናል፤ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ግን ሞልቶ ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። እንዲህ ቢገጥማችሁ በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ደም ይውጣ ብላችሁ አትጭመቁት፣ ናይቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። ኤችአይቪ ላለበት ታካሚ ባገለገለ መርፌ የተወጋ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድል 0.3 በመቶ ያህል ነው። ያልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድል ግን እንደ ምንጩ ታካሚ ሁኔታ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ክትባታችሁን ሦስቱንም ዶዝ ጨርሱ። እኔ ሁለተኛው ላይ አቁሜ ነበር፤ ሽፍት እየገጠመኝ። የደም ምርመራዬ ውጤት እስኪመጣ ያሳለፍኳቸውን ቀናት አላወራም።

ደብል ሽፍት የተለየ ጣጣ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስገባን ትእዛዝ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ኃላፊዋ ሲደውሉ እምቢ ብትይ ሸክሙ የሚወድቀው እሳቸው ላይ አይደለም፤ ብቻዋን በምታድረው ጓደኛሽ ላይ ነው። ይህን እነሱም ያውቁታል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ጓደኛሽም ታውቀዋለች። እኔ ሁለት ዓመት እምቢ ማለት ሳልችል ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ነርሶች ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 157 በሁለት ፈረቃ መካከል ቢያንስ 12 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይኑር ብሏል። እነዚህን ይዤ የተከራከርኩ እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ያስቆመኝ አንድ ቀን ጠዋት ኢንሱሊን ስስብ ልኩን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ ቁጥር ማየቴ ነው። ሲሪንጁን አስቀምጬ ባልደረባዬን ጠራኋት። ከዚያ በኋላ ሲደወልልኝ «16 ሰዓት ነቅቻለሁ፤ መድኃኒት ለመስጠት ብቁ አይደለሁም» እላለሁ። ደክሞኛል ስል ሁላችንም ደክሞናል ይሉኛል። ብቁ አይደለሁም ስል ግን ዝም ይላሉ፤ የሰማ ሰው ይጠየቅበታላ።

ጓደኛዬ ግን ተቀይማኛለች። አንድ ወር ያህል አላናገረችኝም። ታርቀናል፤ ይሉኝታው ግን አሁንም አለ፤ ስልኩ ሲጮህ ሆዴ ይረበሻል።

ብዙዎች ለቀዋል። አብረውኝ ከተመረቁት ዋርድ ላይ የቀረነው ጥቂት ነን። የሄዱትን የሚወቅስ ሰው አንድ ናይት ከእኔ ጋር ይደር። እኔም ሁለቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞሬያለሁ። ለምን እንዳላስገባሁት ሲጠይቁኝ ጥሩ መልስ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ሆነን አደርን፤ 25 ታካሚ። ከእኔ ጋር የነበረችው ከተመረቀች አራት ወሯ ነው። 6 ሰዓት ላይ ቻርቶቿን አየኋቸው፤ 20፣ 20፣ 20። ምንም አላልኳትም። እጇን ይዤ የመጀመሪያዋ አልጋ ጋ ወሰድኳትና ሰዓቴን ሰጠኋት። ቆጠረች። ፊቷ ተለወጠ፤ 27 ነበር። ሐኪም ጠራን።

ሲነጋ ለኃላፊያችን ስናስረክብ የትንፋሹ አምድ ተዥጎርጉሮ ነበር። 16፣ 22፣ 27፣ ሁለት ባዶ፣ 19፣ 24፣ ሌላ ባዶ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መነጽራቸውን አድርገው ባዶዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሯቸው። ሰባት ናቸው። «ስንት ነበራችሁ?» አሉ።

«ሁለት።»

መዝገቡን ሳቡና ጻፉት።